ጤፍ የገባበት ማንበቢያ

ሰፈሩ ሁሉ ታብሌት ይለው ነበር። ታብሌት አይደለም። ፊልም አያሳይም፣ አይዘፍንም፣ ቀለም የለውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፍ ማሳየት። የሰጠኝ ሰው «መጽሐፍ ማንበቢያ ነው» አለኝ፤ እኔም ማንበቢያ ብዬው ቀረሁ። ጎረቤቶቼ ግን ታብሌት ማለቱን አልተዉም፤ የወፍጮ ሠራተኛ ታብሌት ይዞ ደጃፍ ላይ መቀመጡ ያስቃቸው ነበር። ይሳቁ።

ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው። ከወሎ መቐለ የመጣሁት ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ጆንያ ለመሸከም ነው። ተሸከምኩ። መጀመሪያ ከመኪና እህል ማውረድ፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት እህል ማቅረብ፣ በመጨረሻም ወፍጮው ላይ መቆም። ያን ሁሉ ዘመን ያነበበልኝ ሌላ ሰው ነው። የመድኃኒት ወረቀት፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ አውቶቡስ ግንባር ላይ የተለጠፈ የአገር ስም። የሚያነብ ሰው ለማያነበው ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የማያነበው ነው። ያሳጥራል። ይቸኩላል። ከላይ እስከ ታች የተሞላ ወረቀት ይዞ ዓይኑን አንዴ ያንሸራትትና «ምንም አይልም፣ እንዲሁ ነው» ይልሃል። ለእንዲሁ ነው ያን ሁሉ ቀለም ያፈሰሱት? ብትለው ይቆጣል። ደግሞ ውለታ የዋለልህ እሱ ነው፤ አመስግነህ ወረቀቱን ኪስህ ትከታለህ።

የማታ ትምህርት የገባሁት በዚያ ንዴት ነው እንጂ ዕውቀት ወድጄ አይደለም። ትምህርቱ በቀበሌው አዳራሽ በትግርኛ ይሰጥ ነበር። መምህራችን ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። አብረውኝ የተቀመጡት አብዛኞቹ ጉሊት የሚነግዱ እናቶች ነበሩ፤ ስሳሳት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁብኝ ነበር፤ እነሱ ሲሳሳቱ እኔ አልሳቅኩም፤ የራሴ ይበቃኛል። ፊደሉ ያው ነው። በትግርኛ ተምሬ በአማርኛ አነበብኩ። መጀመሪያ የሱቅ ስም፣ ቀጥሎ የስኳር መጠቅለያ የሆነ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ። መጽሐፍ ሲሉኝ ቁም ነገር ያለበት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልብ ወለድ የሚባለውን ሳገኝ፣ ያልነበረ ሰው ያልሠራውን ሥራ ሲሠራ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ደብቀውኛል ብዬ እንደገና ተናደድኩ።

ንባቡ እጄ በገባ በጥቂት ዓመት ዓይኔ ደከመ። ዓይደር አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። «የዱቄቱ ብናኝ ነው» አልኩት ሐኪሙን። «አይደለም፣ ከውስጥ ነው» አለኝ። መነጽር ታዘዘልኝ። በመነጽሩ ሰው ለየሁ፣ መንገድ ለየሁ፤ የመጽሐፍ ፊደል ግን ጉንዳን የሰፈረበት ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ትልቅ ትልቁን እንዳነብ መከረኝ። በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው የባንክ ስም ነው። እሱን ጨርሻለሁ።

ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ናት። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ዓይኗም የጭልፊት ነው። «ኣነ ከንብበልካ» አለችኝ፤ እኔ ላንብብልህ ማለቷ ነው። አነበበችልኝ። ግን ያለውን አታነብም። ስለ ተራራና ስለ ጨረቃ የተጻፈ ሲመጣ ትዘላለች። «ይሄ ዝናብ ነው» ብላ ታልፋለች፤ ዝናቡ ገጽ ተኩል ነው። የማትወደው ሰው ሲመጣ ድምጿን ታጎረንናለች። ባልና ሚስት አልጋ ላይ ሲሆኑ ትስልና ገጹን ትገልጣለች።

«ደራሲው እንዲህ አላለም» እላታለሁ።

«ኣንታ! ምን አውቀህ?»

 ምን አውቄ? ማወቅ የማልችል ስለሆንኩ አይደል የምታነብልኝ?

ማንበቢያውን የሰጠኝ ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቶ የኖረ፣ ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚያስተምር የመሀል አገር ሰው ነው። ወሬኛ ነበር፤ ስለ መንግሥት፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ ስለ ሁሉም ያወራል። እኔ ደጃፍ ላይ መጽሐፍ አፍንጫዬ ላይ ደፍቼ ሲያየኝ ግን ምንም ብሎ አያውቅም። ሥራ ቀይሮ ሊሄድ ዕቃውን ሲሸክፍ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ይውሰዱት። እኔ ሌላ አለኝ። የአማርኛ መጻሕፍት ጭኜበታለሁ፤ ዕቃው ፊደላችንን እንዲያውቅ ያደረግኩትም በመከራ ነው።»

«ምን አደርገዋለሁ?»

«ይህችን ይጫኗት።»

ተጫንኳት። ፊደሉ አደገ። ደግሜ ተጫንኩ፤ የባቄላ ፍሬ አከለ። ያለ ማንም እርዳታ «ሴትዮዋ» የሚል ቃል አነበብኩ። ቀና ስል ሰውዬው ፍራሹን እየጠቀለለ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ያልኩት መኪናው ከታጠፈ በኋላ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ከወፍጮ ቤት ስገባ ልብሴን አራግፌ፣ እጄን ታጥቤ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ የያዝኩት ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የተጻፈ ረጅም ልብ ወለድ ነበር። ሴትዮዋ የአባቷን መሬት ወንድሟ ነጥቋት ትከሰዋለች። ቀጠሮ አለ፣ ምስክር አለ፣ ጠበቃ አለ፤ አያልቅም። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ራት ላይ የደረስኩበትን ለባለቤቴ እነግራታለሁ፤ ካልነገርኳት ወጡን ታዘገየዋለች።

«ሴትዮዋስ?» ትለኛለች።

«ምስክሩ ከዳት።»

«ያ ኮሳሳው?»

«እሱ።»

«ገና ስሙን ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ። ኮሳሳ ሰው አይታመንም» ትልና እኔን ከላይ እስከ ታች ታየኛለች። እኔም ኮሳሳ ነኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዳኛው ፍርድ ሊያነቡ መነጽራቸውን ያጠለቁበት ገጽ ላይ ደረስኩ። እንቅልፍ ጣለኝ። ማንበቢያውን አልጋው ሥር መሬት ላይ አስቀምጬ ተኛሁ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሄድኩ።

በእኛ ሰፈር ውኃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም አስታውቆ አይመጣም። ቧንቧው ሲያስነጥስ የሰማ ሰው በርሜል፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ያለውን ሁሉ ይደረድራል። የዚያን ዕለት ባለቤቴ ጎማውን በርሜል ውስጥ ከትታ ጀሪካን ልትዋስ ጎረቤት ሄደች። ጎረቤት ደግሞ ጀሪካን ብቻ ሰጥቶ አይሸኝም። በርሜሉ ሞላ፤ ከሞላ በኋላም ውኃው አላቆመም። የቤታችን ደፍ ከግቢው ዝቅ ያለ ነው። ውኃው ገባ፤ አልጋው ሥር ሄዶ የተኛውን አገኘው።

ማታ ስገባ ወለሉ ተወልውሏል። ጠረጴዛው ላይ ሳፋ ተቀምጧል፤ ሳፋው ውስጥ ቀይ ጤፍ፤ ከጤፉ መሀል የማንበቢያዬ ጥግ ብቅ ብሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውኃ ነክቶት ነበር። ደህና ነው።»

«ጤፍ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ስልክ ሲረጥብ ሩዝ ውስጥ ክተቱት ይላሉ። ሩዝ አለን እንዴ? ለፋሲካ እንኳ አልገዛህልኝም። ጤፍም እህል ነው።»

እኔ ከጤፍ ጋር ነው ያረጀሁት። ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ጆሮ ይገባል፣ ጫማ ይገባል፣ የተዘጋ የሰዓት መስታወት ውስጥ ይገባል። ወፍጮ ቤት አንድ ስንጥቅ ካለ ስንዴው ይቀራል፣ ጤፉ ይወጣል። ሩዝ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። ሩዝ የሚበላ ሕዝብ ያወጣውን መላ ጤፍ የሚበላ ሕዝብ እንዳለ ሲቀበል የሚሆነው ይህ ነው።

ማን እንዳጠፋ ተጨቃጨቅን። እሷ «መሬት ላይ ማን አስቀመጠው?» አለች። እኔ «ጎማውን ማን ትቶት ሄደ?» አልኩ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ስለዚህ ጭቅጭቁ አላለቀም። ጤፉንም አልጣለችውም። አሰጥታ አደረቀችው፣ ነፋችው፣ አቦካችው። እንጀራው ሲቀርብ «ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ ይላል» አልኳት። «እንግዲያው መብራት ሲጠፋ እናበራሃለን» አለችኝ።

ማንበቢያው አልተነሣም። ቻርጀሩ አልገባ አለ። በመርፌ የቀዳዳውን አፍ ስትነካካ ጥቂት ፍሬ ወጣ፤ የቀረው ውኃ ጠጥቶ አብጦ፣ እንደ ገንፎ ተለጥፎ ነበር። ስናወዛውዘው ውስጡ ይንሿሿል። በጋቢ ጥቅልል አድርጌ ይዤው ሮማናት አደባባይ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወረድኩ።

ስልክ ጠጋኙ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጢሙን ያሳመረ ሰው ነው። ተቀብሎ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው።

«ኣቦይ፣ ጸናጽል ነው እንዴ ያመጡልኝ?»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ።

«ምን ገብቶበት ነው?»

«ጤፍ።»

«ነጭ ወይስ ቀይ?» አለ ከኋላ አንዱ ስልኩን የሚያስጠግን። እንደገና ተሳቀ። እኔም ቀይ አልኩ፤ ከተጠየቅኩ አይቀር።

ጠጋኙ ስቆ ሲጨርስ ዕቃውን አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። «አልነካውም ኣቦይ። የዚህ መስታወት የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ሲከፈት ይሰበራል። ከተሰበረ የሚተካ እዚህ ከተማ የለም፤ አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ። ነገ ደግሞ ሰበርክብኝ ይሉኛል።»

«ካልከፈትከውስ?»

«ካልከፈትኩትማ ጸናጽል ነው።»

ጥሩ መልስ ነው። አልሸነገለኝም። አይሆንም ያለውን ነገር ነገ ና እያለ የሚያመላልስ ስንት አለ።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ቀላል ነበር። ካልተከፈተ አላነብም። ሲከፈት ከተሰበረም አላነብም። ሌላ የመግዛት አቅም የለኝም፤ የሚሸጥበትንም አላውቅም። ወረቀቱ መጽሐፍ አለ፤ እሱን ዓይኔ እንቢ ብሏል። ስለዚህ ወይ ይህ ዕቃ ይነሣል፣ ወይ ቀሪ ዕድሜዬን ዝናቡ እየተዘለለ ይነበብልኛል። ሌላ መንገድ የለም። ራሴ እከፍተዋለሁ አልኩ።

እሁድ ወፍጮ ቤት ዝግ ነው። ጎረቤታችን ካለው ሰዓት ሠሪ ትንሿን ካቻቢቴ ተዋስኩ። ጠረጴዛውን በር አጠገብ ብርሃን ወዳለበት አወጣሁና የባለቤቴን ነጭ ነጠላ አነጠፍኩበት።

«ነጠላዬን?»

«ነጭ ይሻላል። ጥቁር ነገር ሲወድቅ ይታያል።»

«ለማን ነው የሚታየው?»

ይኸው ነው ነገሩ። ለእኔ አይታይም። ብሎኖቹ የሰናፍጭ ፍሬ ያህላሉ። እጄም የወፍጮ እጅ ነው፤ አውራ ጣቴ ብቻውን የዕቃውን ጥግ ይሸፍነዋል። ያለ እሷ ዓይን ማንበብ እንድችል የእሷ ዓይን አስፈለገኝ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ አልሳቅኩም።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«ሲሠራልህ እኔን ዞር በይ ልትለኝ?»

«አዎ።»

«ሓቅኻ» አለች። እውነትህን ነው እንደ ማለት። መደርደሪያውን ስትጠርግ ቆየች፣ ደጅ ወጥታ ውኃ ደፋች፣ ተመልሳ መጥታ ተቀመጠች። «ለአንተ ብዬ አይደለም። ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ቆማ ቀርታለች። ስንት ቀን ሙሉ ሴት ልጅ በእግሯ ቆማ ትውላለች?»

ወፍጮ ሲፈታ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የወጣው ዕቃ በግራ ጫፍ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የወጣው ከጎኑ፤ እንዲህ እያለ እስከ ቀኝ። ሲገጠም ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ መመለስ ነው። መሀል ላይ ሰው ቢጠራህ፣ ቡና ጠጣ ቢሉህ፣ መንግሥት ቢለወጥ፣ መስመሩ ያለህበትን ይነግርሃል። ፊደል ሳላውቅ ስንት ሞተር የፈታሁት እንዲህ ነው። ለእሷም ይህንኑ ነገርኳት።

«ጎመን ስቆርጥ እንዲህ ነው የማደርገው» አለች።

የኋላ ክዳኑ ብሎን የለውም፤ በጥርስ ነው የተነካከሰው። ካቻቢቴ ሳስገባ ፕላስቲኩ ጮኸ። «ተወው! ትሰብረዋለህ» ብላ ከጸጉሯ ሚዶዋን አወጣች። የቀንድ ሚዶ ነው፤ ጥርሱ ቀጭን ሆኖ አይታጠፍም፣ አይቧጭርም። በሚዶው ጥርስ ዳር ዳሩን እየፈለፈለች ሄደች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ክዳኑ ተነሣ። ጤፉ ፈሰሰ።

አንድ እፍኝ አይሞላም፤ ግን ነጠላውን አለበሰው። የውስጡን ትንንሽ ብሎኖች ስንፈታ ደግሞ ሁለቱ ከእጇ አምልጠው ጤፉ መሀል ገቡ። እሷ ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች፤ ቀይ ጤፍና ዝገት የመሰለ ብሎን እንኳን ለእኔ ለእሷም አንድ ሆነ።

«በወንፊት ልንፋው?»

«ብሎኑም አብሮ ያልፋል።»

ወፍጮ ቤት እህል የሚፈስበት አፍ ላይ ማግኔት እናስራለን። ገበሬው ከእህሉ ጋር ሚስማር፣ የሽቦ ስባሪ፣ አንዳንዴም የበሬ ኮቴ የሚያህል ብረት ይዞ ይመጣል፤ ማግኔቱ ባይይዘው ድንጋዩን ይበላዋል። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣች አንዲት ቤት ነበረችኝ። ማንበቢያውን ከጠረጴዛው አርቄ አልጋ ላይ አስቀመጥኩና ማግኔቷን በጤፉ ላይ እንደ እረኛ ቀስ እያልኩ ነዳኋት። ሁለቱም ብሎኖች ዘለው ተጣበቁ። ሌላም ነገር አብሮ ተጣበቀ፤ የልብስ መርፌ ስባሪ።

«እንዲህ ያለውን ነው እንግዲህ የጋገርሽልኝ» አልኳት።

«በላኸው፤ ሞትክ?»

ውስጡን ስናየው የሚፈራ ነገር አልነበረውም። አንድ ጠፍጣፋ ባትሪ፣ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ሪባን የመሰለ ሽቦ። ይህን ለማየት ነው ሰው ሁሉ የሚንቀጠቀጠው። የባትሪውን ሽቦ ነቅላ በመስመሩ መጨረሻ አኖረችው። የቻርጀሩ ቀዳዳ በስተውስጥ በኩል በጤፍ ሊጥ ተሞልቷል። በውኃ እንዳይታጠብ ውኃ ነው ያበላሸው። ከጎረቤት ዳግም የሚሉትን፣ ሁለቴ የወጣ አረቄ አስመጣሁ። እሷ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አረቄው ውስጥ እየነከረች ፈተገችው፤ ሊጡ እየረገፈ ወጣ። ቤቱ ሠርግ ሠርግ ሸተተ። የተረፈውን እኔ ጠጣሁት፤ ይህም አንድ ጥቅም ነው።

ስንገጥም ነው ያበላሸሁት። ክዳኑ አንድ ጥግ ላይ አልገባ አለ። እሷ በጣቷ ጫፍ ትነካካዋለች፤ አይሆንም። ትዕግሥቴ አለቀ። ተቀብዬ በመዳፌ ገፋሁት። ገባ። ሲገባ ግን ከፊት በኩል ከሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንደሚሰማው ያለ። እሷም ሰማች። ቻርጀሩን አንሥታ አቀበለችኝ። 

ቻርጀሩን ሰካን። መብራት ነበረ። ለረጅም ጊዜ ምንም። ተነሥታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ከዚያ ታችኛው ጠርዝ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት በራች። ጠራኋት፤ ቢላውን ይዛ መጣች።

መስታወቱ ብልጭ ብሎ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ገጹን አወጣ። ዳኛው እዚያው ናቸው፤ መነጽራቸውን እያጠለቁ። ከገጹ መሀል ላይ ግን ከግራ እስከ ቀኝ ነጭ መቀነት ታስሮበታል። ሁለት መስመር የሚሸፍን። ከላዩ ጽሑፍ አለ፤ ከታቹ ጽሑፍ አለ፤ መሀሉ ባዶ። የሚቀጥለውን ገጽ ተጫንኩ፤ መቀነቱ እዚያው። የሚቀጥለው፤ እዚያው።

«ምን አሉ ዳኛው?» አለች።

ወደ ኋላ መለስኩ። ከላይ «ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ውሳኔውን እንዲህ ሲሉ አነበቡ» ይላል። ከዚያ መቀነቱ። ከመቀነቱ በታች ሰዎች ከችሎቱ እየወጡ ነው።

«አይታይም» አልኳት።

አጎንብሳ አየችው። ለእሷም አይታይም። ዓይኗ እዚህ ላይ ከእኔ አልተሻለም፤ የሌለን ነገር ማንም አያይም። «ጥሎብህ መግፋት ትወዳለህ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ብዙ ሰዓት ሳላነሣው ቆየሁ። ልጥለው አሰብኩ። ከዚያ ይልቅ ለሰጠኝ አስተማሪ ደውዬ ልጠይቀው አልኩ፤ ስልክ ቁጥሩን ግን አልያዝኩም። በየገጹ ሁለት መስመር እየጎደለ ማንበብ ይቻል እንደሆነ አሰብኩ። ይቻላል። ሕዝቡ የሚያነበው እንደዚያ አይደል። ግን እኔ ለጎደለ ንባብ አልነበረም አዳራሽ ውስጥ እየተሳቀብኝ የተቀመጥኩት።

ከምሳ በኋላ አነሣሁት። መቀነቱ ውስጥ የደበዘዘ ነገር ካለ ልይ ብዬ ፊደሉን አሳደግኩት። ገጹ ብልጭ አለና ተደረደረ። መቀነቱ እዚያው ነው፤ ጽሑፉ ግን ቦታውን ለቋል። ፊደሉ ሲያድግ መስመር የሚይዘው ቃል ያንሳል፤ ከላይ የነበረው ወደ ታች ይወርዳል። አሁን መቀነቱ የሸፈነው ቀድሞ ያነበብኩትን ነው። ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ከመቀነቱ ሥር ወጥቶ ተቀምጧል።

መጀመሪያ አላመንኩም። ፊደሉን አሳነስኩት፤ ተደበቀ። አሳደግኩት፤ ወጣ። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው፤ አንዴ በትልቁ፣ አንዴ በጣም በትልቁ። ለሌላ ሰው ይህ አድካሚ ነው። እኔ ድሮም አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ነው የማነበው።

እሷ ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች።

«ወጣ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ፍርዱ።»

«እጄ ሳሙና ነው። ምን አሉ?»

በሕይወቴ ለሰው አንብቤ አላውቅም። ለራሴ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ቃሉን ከመሀል እየቆረጥኩ፣ እየተመለስኩ፣ እንደ ተማሪ። «ከሳሽ… ያቀረበችው… ማስረጃ… በቂ ሆኖ… ስላልተገኘ… መሬቱ… በተከሳሽ እጅ… ይጽና።»

መታሸቱ ቆመ።

«ለወንድምየው?»

«ለወንድምየው።»

«ውሸትህን ነው። አንተ ነህ ያጣመምከው።»

«ምን አገባኝ?»

«ወንድ አይደለህ? ከመጀመሪያው ለሱ ታዳላለህ።»

«ነይና አንቺው አንብቢው፤ ይኸው!»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ዕቃውን ዘረጋሁላት። እሷ እኔ ከጀመርኩበት እስከ ጨረስኩበት ድረስ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር። አልተቀበለችኝም። ጀሪካን ገልብጣ አጠገቤ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አይ፤ አንተው ድገመው። ቀስ ብለህ።»

«ሌላ ዓይነት አላውቅም።»

«እንደዚያው።»

ደገምኩት። ፍርዱ አልተለወጠም። 

«ይግባኝ ትላለች?» አለችኝ።

የሚቀጥለውን ገጽ ተጫንኩ።